አልገዛም፣ አልሸጥም ማለትም ንግግር ነው

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን

ጉዳዩ፦ ሰላማዊ የገበያ አድማ የሕግ ጥበቃ እንዲያገኝ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት የኮሚቴው አባላት፣

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለኝ። ደብተር እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ለሰው አቤቱታ በኮምፒውተር እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ። ሕገ መንግሥቱን ለተማሪ ሳስተምር ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ከወረቀቱ ምን ያህሉ ወደ ሰው ኑሮ እንደወረደ አያለሁ።

አንድ ሰው የአንድን ድርጅት ዕቃ አልገዛም ቢል፣ ምክንያቱን ለጎረቤቱ ቢነግር፣ ጎረቤቱም እንዳይገዛ ቢለምነው፣ ይህ ሰው ምን አደረገ ይባላል? ወይም አንድ ነጋዴ የከፋውን ነገር ለማሰማት ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ቢውልስ? እኔ ተናገረ እላለሁ። ድምፁን አሰማ እላለሁ። ሕጋችን ግን ይህን በግልጽ ብሎ አያውቅም። ሕግ ዝም ባለበት ቦታ ደግሞ የየወቅቱ ባለሥልጣን የመሰለውን ያደርጋል።

አድማ በከተማችን እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ማታ ላይ ወሬ ይነፍሳል። ነገ ሱቅ እንዳይከፈት ይላል። ማን እንዳለው አይታወቅም። ጠዋት ነጋዴው ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ቢከፍት ድንጋይ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል፤ ከዚያ የባሰም ይፈራል። ቢዘጋ ደግሞ ማሸጊያ ይዘው የሚመጡ አሉ። ስለዚህ የብረት መዝጊያውን እስከ ወገቡ ያነሳዋል። መብራት አያበራም። ዕቃ ወደ ውጭ አያወጣም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ግራና ቀኝ ያያል። ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ስኳሩን ወይ ሳሙናውን ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ዝጋ ለሚለው የተዘጋ፣ ክፈት ለሚለው የተከፈተ ሱቅ ማለት ይህ ነው። ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር የሚሄድ ሰው መዝጊያው ሁሉ በአንድ ልክ ወገብ ላይ ቆሞ ያየዋል። ኮምቦልቻ ያሉ ወዳጆቼም የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው።

እንዲህ ባለ ቀን ማን ምን እንደሚያስብ ማወቅ አይቻልም። በእውነት የከፋው ነጋዴና እንዲሁ የፈራው ነጋዴ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ዝጋ የሚለውም ክፈት የሚለውም ነጋዴውን ምን ታስባለህ ብሎ አይጠይቀውም።

ጎረቤቴ አንድ አዛውንት የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አንድ ዓመት የግብር ግምቱ ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። አመለከቱ፤ ሰሚ አጡ። ከዚያ አንድ ቀን ማንም ሳይጠራቸው፣ ወሬም ሳይነፍስ፣ ሱቃቸውን ዘግተው በሩ ላይ በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ለጠፉ። «ግምቱ ፍትሐዊ ስላልሆነ ዛሬ አልሠራም» ይላል። ከሰዓት በኋላ ከአንድ ቢሮ ሰዎች መጡ። ወረቀቱን ቀደዱና በቦታው ማኅተም ያለበት ሌላ ወረቀት ለጠፉ። «ታሽጓል» ይላል። ሽማግሌው ሐጂ ተጠርተው መጡ።

«ማነው ዝጉ ያለዎት?»

«ማንም አላለኝም። እኔው ነኝ የዘጋሁት።»

«አይ ሐጂ፣ ሰው ሳያነሳሳዎትማ አይዘጉም። ስሙን ብቻ ይንገሩን።»

ደጋግመው ጠየቋቸው። እሳቸውም ያንኑ መለሱ። አልታመኑም። አንድ ሽማግሌ በራሳቸው ሐሳብ፣ በራሳቸው ሱቅ፣ በራሳቸው ኪሳራ ተቃውሞ ሊያሰሙ ይችላሉ ብሎ ያሰበ ሰው እዚያ አልነበረም። ከጀርባቸው የግድ ሌላ ሰው መኖር ነበረበት። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

ነገሩ የአንድ ቢሮ ሠራተኞች ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ እናንተ አልጽፍም ነበር። መስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታስታውሳላችሁ። አዋጁን ለማስፈጸም በጥቅምት ወር የወጣው መመሪያ ከከለከላቸው ነገሮች መካከል የንግድ ቤት መዝጋትና ከሥራ መቅረት ይገኙበት ነበር። አዋጁ ከተራዘመ በኋላ እስከ ሐምሌ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆየ። በዚያን ጊዜ ሰው አስገድዶ ሱቅ ማዘጋት ወንጀል ነው ቢባል ማንም አይቃወምም ነበር። የራስን ሱቅ መዝጋት ግን ከማስገደድ ጋር እኩል ተቆጠረ። ድንጋይ የወረወረውና ቤቱ የተቀመጠው በአንድ መስመር ተሰለፉ።

አውቃለሁ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ መብቶችን ሲዘረዝር አንቀጽ 29ን አልጨመረም። ስለዚህ ሐሳብን የመግለጽ መብት ለጊዜው ሊታገድ ይችላል። ነገር ግን ያው አንቀጽ 93 እግዱን የሚፈቅደው አደጋውን ለማስወገድ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው። ቤታቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ምን አደጋ ያደርሳሉ? ደግሞም የአስቸኳይ ጊዜ ሲያልፍ ልማዱ አብሮ አያልፍም። መመሪያው ከተነሳ በኋላም ሱቅ የዘጋ ሰው እንደ ጥፋተኛ መታየቱ ቀጥሏል።

አሁን ወደ አንቀጽ 29 ልመለስ። ማንም ሰው ሐሳቡን በቃል፣ በጽሑፍ፣ በሕትመት፣ በሥነ ጥበብ ወይም በመረጠው በማንኛውም ዘዴ የመግለጽ ነፃነት አለው ይላል። «በመረጠው» የሚለውን ቃል ተማሪዎቼን ሁልጊዜ አሰምርባቸው ነበር። ዘዴውን የሚመርጠው ተናጋሪው ነው። ያው አንቀጽ ገደብ ሲጥልም ሐሳብ በይዘቱና ሊያስከትል በሚችለው አስተሳሰባዊ ውጤት ሊገታ እንደማይገባ መርሕ አድርጎ አስቀምጧል። የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕግ ሊወጣ ይችላል። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ አደባባይ ንግግር ይከለከላል። እዚያ ውስጥ ግን የአንድን ድርጅት ገቢ ማስቀነስ የሚባል ነገር አላገኘሁም። አንቀጽ 42 ደግሞ ለሠራተኛው ሥራ የማቆም መብት ሰጥቶታል። ገዢውና ነጋዴው ግን ስማቸው አልተነሳም። ስማቸው አለመነሳቱ መብት የላቸውም ማለት አይደለም። አንቀጽ 29 ለሁሉም ነውና።

ይህ ምክር ቤት አዲስ ነገር እንዲፈጥርም አልጠይቅም። ከዚህ በፊት አድርጎታል። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ስንት ጋዜጠኛና ስንት ፖለቲከኛ እንዳሳሰረ ሁላችንም እናውቃለን። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 የሽብር ወንጀልን ሲተረጉም አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ። የሕዝብ አገልግሎት በሥራ ማቆም አድማ፣ በሰላማዊ ሰልፍ፣ በስብሰባና በመሳሰሉት መብቶች ምክንያት ቢስተጓጎል ያ ሽብር አይባልም አለ። ጥሩ አድርጎ ነው ያለው። መብቱን የተጠቀመን ሰው ከወንጀለኛ ለየው። እኔ የምለው ያው መለያ መስመር በገበያው ላይም ይሰመር ነው።

ሌላ አገር ይህ ነገር በፍርድ ቤት ተፈትኗል። አንዳንዱ በርቷል፣ አንዳንዱ ጨልሟል። ሁለቱንም ብትመለከቱት ይጠቅማል።

በአሜሪካዋ አላባማ በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነበር። ያለ በቂ ምክንያት የሰው ንግድ ለማደናቀፍ መተባበርን ወንጀል ያደርጋል። ሞንትጎመሪ ከተማ ላይ ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ወንበር አልነሳም ብለው ሲታሰሩ፣ ጥቁሮቹ አውቶቡስ መሳፈር አቆሙ። 381 ቀን በእግራቸው ሄዱ። ባለሥልጣናቱ ያንን የቆየ ሕግ ከመሳቢያ አወጡት። ማርቲን ሉተር ኪንግ በመጋቢት 1956 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሕግ ጥፋተኛ ተብለው 500 ዶላርና የፍርድ ቤት ወጪ ተቀጡ። ወንጀላቸው ሰው በእግሩ እንዲሄድ መምከር ነበር።

ከሁሉም ግን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የፖርት ጊብሰንን ታሪክ ነው። ፖርት ጊብሰን ሚሲሲፒ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1966 እ.ኤ.አ. ጥቁሮቹ ለከተማዋ መሪዎች ጥያቄ አቀረቡ። ጥቁር ፖሊስ ይቀጠር፣ መለያየት ይቅር አሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሲጠሩን አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት ተብለን እንጠራ የሚል ነበር። ሽማግሌውን ሰውዬ «አንተ ልጅ» እያሉ ይጠሯቸው ነበርና። አንቱታ ለሚያውቅ ለእኛ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ምላሽ ሲያጡ ከነጭ ነጋዴዎች መግዛት አቆሙ።

ነገሩ ሁሉ ንጹሕ አልነበረም። ሱቆቹ አጠገብ ቆመው የሚገባውን ሰው ስም የሚጽፉ ነበሩ። ስሙ በስብሰባ ላይ ይነበብ ነበር። አንዳንድ ቤቶች ላይ ተተኩሷል። ነጋዴዎቹ ከሰሱ። የሚሲሲፒ ፍርድ ቤት አድማውን የጠሩትን ሁሉ በአንድነት ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ክፈሉ አላቸው። ነገሩ ዓመታት ፈጅቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሐምሌ 1982 እ.ኤ.አ. ስምንት ዳኞች በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻሩት። አድማው የንግግርና የመሰባሰብ መብት ነው አሉ። የሰው ስም መነበቡ ቢያሳፍር፣ ጫና ቢፈጥርም፣ ንግግርነቱን አያጣም አሉ። የተኮሰው፣ የመታው፣ የሰበረው ግን ላደረሰው ጉዳት ራሱ ይጠየቅ። ሌላው አብሮት ስለተሰለፈ ብቻ አይጠየቅም።

እኔ ይህን ፍርድ ሳነብ የኛን ከተማ ነው የማስበው። ተኩስ ባለበት፣ ማስፈራራት ባለበት ቦታ እንኳ ዳኞቹ ሰላማዊውን ሰው ከሌላው ለይተው አወጡት። ይቻላል ማለት ነው። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል።

ጨለማውንም ልንገራችሁ። ዛሬ ከ30 በላይ የአሜሪካ ግዛቶች እስራኤልን ቦይኮት የሚያደርጉ፣ ማለትም ከእሷ አንገዛም፣ አንገበያይም የሚሉ ሰዎችን ወይም ድርጅቶችን በመንግሥት ውልና ግዢ የሚቀጡ ሕጎች ወይም ትዕዛዞች አሏቸው። ስለ እስራኤልና ፍልስጤም ደሴ ላይ ብዙ ዓይነት ስሜት አለ። በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ሐሳቡ ይለያያል። የእኔ ጉዳይ እሱ አይደለም። የእኔ ጉዳይ የቅጹ ነው። ካንሳስ ውስጥ አንዲት የሒሳብ መምህርት ሌሎች መምህራንን ለማሠልጠን ተመርጣ ሳለ «ቦይኮት አላደርግም» የሚል ወረቀት ፈርሚ ተባለች። እሷ ደግሞ በእምነቷ ምክንያት ላለመግዛት ወስና ነበር። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ዳኛው ሕጉን አገደላት። አርካንሶ ውስጥ ግን ሌላ ሆነ። አርካንሶ ታይምስ የተባለ ጋዜጣ ከአንድ የመንግሥት ኮሌጅ ማስታወቂያ ያትም ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ወይ ቦይኮት አላደርግም ብለህ ፈርም፣ ወይ ከክፍያህ 20 በመቶ ይቀነስ አለው። ጋዜጣው ማንንም ቦይኮት አድርጎ አያውቅም። ግን መንግሥት ስለ ፖለቲካ አቋሜ ቃል ሊያስገባኝ አይችልም ብሎ አልፈርምም አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈረደበት። በቀጣዩ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

ይህ ለእኔ ሩቅ ወሬ አይደለም። የምኖረው ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት ወረቀት በማቅረብ ነው። ጨረታ እገባለሁ። ነገ ከጨረታ ሰነዱ ጋር «ከማናቸውም አድማ ተሳትፎ ነፃ ነኝ» የሚል ቅጽ ቢመጣ፣ ልጆቼን የማበላበትን ውል ከአንድ ፊርማ ጋር አስሮ የሚያቀርብልኝ ማን ነው? እዚህ አገር ንግድ ፈቃድ፣ ብድር፣ የመሥሪያ ቦታ፣ ሁሉም በአንድ እጅ በሚባል ደረጃ የመንግሥት ነው። አሜሪካ ላይ 20 በመቶ የሆነው ቅጣት እኛ ጋ ሙሉ እንጀራ ይሆናል።

የአርካንሶው ፍርድ ቤት ምክንያት ግን መልስ ይገባዋል። ሰው አትግዙ ብሎ መጥራቱ ንግግር ነው፤ ዝም ብሎ አለመግዛቱ ግን የንግድ ውሳኔ እንጂ ንግግር አይደለም፤ ምክንያቱን ካልነገረን ማን ያውቅለታል አለ። ላይ ላዩን ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ወሎ ውስጥ ግን ቡና ተጠርቶ የቀረ ጎረቤት ምን እንዳለ ለማወቅ ማንም ደብዳቤ አይጠብቅም።

መንግሥታችንም ቢሆን ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። በ1968 ዓ.ም. ክረምት ሞንትሪያል ላይ ኦሊምፒክ ሲካሄድ ኢትዮጵያ አልሮጥም አለች። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዘር መድልዎ ወደምትገዛው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ እየተጫወተ ነበርና። ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች አብረው ቀሩ። ያ መቅረት ንግግር አልነበረም የሚል ኢትዮጵያዊ አላውቅም። ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። ከዚያ በኋላ ሎስ አንጀለስም ሶልም ላይ ቀርተናል።

የሞንትሪያሉ ሌላም ያስተምራል። ምሩፅ ይፍጠር በዚያን ጊዜ በጥሩ ዕድሜው ላይ ነበር። ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዶ ነበር። ወርቁን ለማግኘት ሞስኮ 1980 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ነበረበት። እዚያ በ5,000ም በ10,000ም አሸነፈ። ሞንትሪያል ላይ ግን የቀረው በራሱ ውሳኔ አልነበረም፤ ተወሰነለት። ዓላማው ትክክል ቢሆንም ዋጋውን የከፈለው ያልተጠየቀ ሰው ነው። ዛሬም ዝጋ ተብሎ የሚዘጋ ነጋዴ እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው የመሳተፍ መብት ያለመሳተፍ መብትን ካልያዘ ግማሽ ነው የምለው። አድማ የሚጠራ ሁሉ፣ ጫካ ያለም ይሁን ከተማ ያለ፣ ይህን መስማት አለበት። ሱቁን የከፈተ ሰው ባንዳ አይደለም። የዘጋም ሽፍታ አይደለም።

ገደብ አያስፈልግም አልልም። አንድ ዓይነት አድማ አለ የምፈራው። ከእንትን ብሔር ሱቅ አትግዙ፣ ከእንትን ሃይማኖት ሰው አትገበያዩ የሚል። በአገራችን ይህ ተብሏል። መጀመሪያ አትግዙ፣ ቀጥሎ አባርሩ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይተነዋል። ይህ አንድ ድርጅት ወይም መንግሥት ያደረገውን ነገር መቃወም አይደለም። ሰውን በተወለደበት መቅጣት ነው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ሲተረጉም በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራግብ ብሎታል። መድልዎ የሚለው ቃል እዚያ መግባቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ በቂ ነው። አዲስ ክልከላ አያስፈልግም። የምሰጋው በተቃራኒው ነው። «የዚህን ፋብሪካ ምርት አልገዛም፤ ባለቤትነቱ የፖለቲካ ፓርቲ ነው» ያለ ሰው በዚሁ አዋጅ ጥላቻ ነዛህ እንዳይባል ነው። ሁለቱን የሚለይ አንድ ዓረፍተ ነገር በአዋጁ ውስጥ ቢገባ ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም ይገላገላሉ።

ምሳሌ ልስጥ፤ ከራሳችን ገበያ። በ2006 ዓ.ም. ቴዲ አፍሮ ከበደሌ ቢራ ጋር የሙዚቃ ጉዞ ተዋውሎ ነበር። ተናገረው በተባለ፣ እሱም አላልኩም ባለው ነገር ምክንያት ብዙ የኦሮሞ ወጣቶች ቢራውን አንጠጣም አሉ። ኩባንያው ውሉን አቋረጠ። እኔ ያን አድማ አልወደድኩትም። በዘፋኙ ላይ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ያንን ቢራ አልጠጣም ያለን ሰው የሚቀጣ ሕግ መኖር ነበረበት? በፍጹም። የኔ ድርሻ ተሳስታችኋል ብሎ መመለስ ነው፤ ጠጡ ብሎ ማስገደድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በእኛው ክልል ዳሽን ቢራ አንጠጣም ተባለ፤ ከወቅቱ ገዢ ፓርቲ ጋር የተያያዘው «ጥረት» የተባለ ድርጅት ድርሻ አለበት ተብሎ። የማውቃቸው ሰዎች የፊተኛውን አድማ አውግዘው ሁለተኛውን ደገፉ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው። መብቱ ግን አንድ መብት ነው። የምንወደው አድማ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መብት መሆኑ ይቀራል።

አድማ ሰው እንደሚጎዳም አልክድም። ኮምቦልቻ ላይ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። አንድ ምርት አንገዛም ሲባል መጀመሪያ ደመወዙ የሚቀርበት የቀን ሠራተኛው ሊሆን ይችላል። ይህን የሚሉኝ ሰዎች እውነት አላቸው። መልሴ አንድ ነው። አድማ የሚጠራ ሰው ይህን አስቦ ይጥራ፣ የሚቃወምም ይህን እያነሳ ይሟገት። ክርክሩ በሰዎች መካከል ይሁን። ገዢው በራሱ ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ መንግሥት ገብቶ ሲወስን ግን ክርክሩ አለቀ ማለት ነው።

አሁን ጊዜው አይደለም የሚለኝ ይኖራል። ክልላችን ሰላም አጥቷል፣ መጀመሪያ ሰላም ይምጣ ይላል። ሰላምን የምትፈልጉትን ያህል እኔም እፈልጋለሁ፤ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝና። ነገር ግን የወሎ ሰው ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። በ1965 ዓ.ም. ሕዝባችን በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ደብቆት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶ ባያነሱ፣ የውጭ ጋዜጠኛም ባይቀርጸው፣ ከዚያም በላይ በዝምታ ይቀበር ነበር። ያን ጊዜም አሁን ጊዜው አይደለም የሚሉ ነበሩ። ሰው በሰላም ቅር ብሎኛል የሚልበት መንገድ ሲዘጋበት፣ ሰላማዊ ያልሆነውን መንገድ የሚያሳየው አያጣም። ወጣቶቻችን ላይ ያየነው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ኮሚቴያችሁን የምጠይቀው ይህን ነው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ሆነ ስለ ሰላማዊ ሰልፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ለማሻሻያ በሚቀርቡበት ጊዜ፣ በራስ ፈቃድ አለመግዛት፣ የራስን ንግድ ቤት ዘግቶ መዋልና ሌላውን በሰላም ወደዚህ መጥራት ሐሳብን የመግለጽ መብት አካል መሆኑ በቃል ይጻፍ። ሱቁን ስለዘጋ ብቻ የማንም ነጋዴ በር እንዳይታሸግ፣ ፈቃዱም እንዳይሰረዝ በግልጽ ይከልከል። ያስፈራራ፣ የወረወረ፣ ያስገደደ ሰው፣ ለየትኛውም ወገን ይሁን፣ በማስረጃ በስሙ ይጠየቅ። አብሮ የጠራው ሰው ሁከት እስካልቀሰቀሰ ድረስ በሌላው ድንጋይ አይከሰስ። በመንግሥት ጨረታ፣ ውልና ፈቃድ ላይ የፖለቲካ አቋም ቃል ማስገባት ከወዲሁ ይታገድ፤ እንዲህ ያለ ቅጽ ከመጣ በኋላ ማስወጣት ከባድ መሆኑን የአርካንሶው ጋዜጣ አሳይቶናል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወደ ምክር ቤቱ ሲቀርብም፣ የማስፈጸሚያ መመሪያው ቤቱ የተቀመጠን ሰው ካስገደደው ሰው መለየቱን ሳታዩ አታጽድቁት።

የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንን ደግሞ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ሱቅ በመዝጋታቸውም ሆነ በመክፈታቸው የተጎዱ ነጋዴዎችን ቃል እንዲመዘግብ እለምናለሁ። ሁለቱንም። አንዱን ብቻ የያዘ መዝገብ አይታመንም፤ እኛም አንመጣም።

ረቂቁ ሲዘጋጅ የሕዝብ አስተያየት መድረክ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ተጠርቶ እንዳይቀር። ደሴ ላይ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ጥሩን። ነጋዴውም ሸማቹም የፋብሪካ ሠራተኛውም የተናገረውን በስሙ መናገር የሚችልበት፣ ከተናገረ በኋላም ሱቁን ከፍቶ የሚያድርበት መድረክ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር

የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣ ደሴ ፒያሳ